ፎቶ የረጠበበት ጎረቤት

መስከረም 20

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጡረተኛው ልብስ ሰፊ፣ እኔ እስክመለስ ደግሞ ለከተማው መዝገብ ቤት ፎቶግራፍ ክፍላችን ተጠባባቂ፤

ጤናዎ እንደ ስፌት መኪናዎ ሳያቋርጥ ይዙር፤ ዘይቱን አምላክ ይጨምርበት። እኔ በሰው አገር ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ እንደ ክፉ አማት ሰበብ እየፈለገ ይገባል።

ሥልጠናው ተጀመረ። ከየአገሩ የተሰበሰብን አሥራ አራት የመዝገብና የፎቶ ጠባቂዎች ነን። በመጀመሪያው ቀን እጅ መታጠብ አስተማሩን። ሠላሳ ዓመት ፎቶ የጠበቀ ሽማግሌ ሳይቀር እጁን ታጥቦ ለመምህራችን አሳየ። ከሰዓት በኋላ ማድረቅ ተማርን።

የዚህ ሳምንት ትምህርት ግን ቀልድ አይደለም። ፎቶ በብርሃን ተወልዶ በብርሃን ይሞታል ይላሉ መምህራችን። ስለዚህ ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ መስኮቱ ሥር ያሉትን ሣጥኖች ወደ ጨለማ ጥግ ያዛውሩልኝ፤ በተለይ ሦስተኛውን።

ለምን ሦስተኛውን እንደምል ያውቃሉ። ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡት እናት ልጅ እዚያ ውስጥ ነው። ያ ሾፌር ልጃቸው ከሞተ በኋላ የቀረችው ለመንጃ ፈቃድ የተነሣት አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት። ኔጋቲቩ ከፎቶ ቤቱ ጋር ተቃጥሏል። ቅጂ ይሰጠኝ ብለው ያመለከቱት ማመልከቻ ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓመት ሞላው፤ እሳቸው ኮሚቴ ይጠብቃሉ፣ ኮሚቴው ሰብሳቢ ይጠብቃል። ስመለስ ከሁሉ በፊት ቅጂውን እንደማነሣላቸው ቃል ገብቻለሁ። እስከዚያ ያሳዩዋቸው፤ ፊቱን በጣታቸው እንዳይነኩት ብቻ።

በዝምድና ሦስት ቤት የምትርቅዎ፣ ዩኒፎርሟን ግን ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሰፉላት፣
ልጅዎ

ጥቅምት 3

ባሕር ተሻግራ እጅ መታጠብ ለተማረችው ልጄ፤

ደብዳቤሽ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። እግርሽ የረገጠው ሁሉ ይለስልስልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር አቤቱታ ያቀርባል።

ትእዛዝሽ ተፈጽሟል። አሥራ አንዱንም ሣጥን ከመስኮቱ ሥር አንሥቼ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጋር በተጣበቀው ጥግ ደረደርኳቸው። ጨለማ ማለት ያ ነው፤ እዚያ ጥግ ክር አስገባ ብትይኝ መርፌዋን ራሷን አላገኛትም። ሦስተኛውን ከሁሉ ታች አደረግኩት፤ ብርሃን ከመጣም አሥሩን አልፎ ይምጣ ብዬ።

ጓንት ስላጣሁ ከአሮጌ ሸሚዝ ሰፋሁ። ኃላፊው አይቶኝ፣ "ጋሽ መርፌ፣ ሙሽራ ሆኑ እንዴ?" አለኝ። "ሚዜ ነኝ፤ ሙሽሮቹ ሣጥን ውስጥ ናቸው" አልኩት። አልሳቀም። እሱ ለመሳቅም ቃለ ጉባኤ ይፈልጋል።

ክፍላችን ላይ ግን ዓይኑን ጥሏል። መሥሪያ ቤቱ ሦስት የስብሰባ አዳራሽ አለው፤ ስለ ክፍል እጥረት የሚወያዩበት አራተኛ ያስፈልጋል ይላል። "ሥልጠናው ሲያልቅ የጉዳት ቅጽ ይሞላል፤ አንድ ጉዳት ከተጻፈበት መጠበቅ አልቻላችሁም ማለት ነው። ሣጥኑ ወደ መጋዘን፣ ልጅቷ ወደ ማመልከቻ መቀበያ መስኮት" ብሎ ነግሮኛል። መጋዘኑን ታውቂዋለሽ፤ አይጦቹ የቀራቸው የሠራተኛ መታወቂያ ብቻ ነው።

የሐሙሷ ሴት መጥታ ነበር። መስኮቱ ዘንድ ወስጄ አሳየኋት። ብዙ አየችውና፣ "ትንሽ ከሳብኝ" አለች።

"ፎቶ አይከሳም" ብላት፣

"ከኔ በላይ ልጄን ልታውቀው ነው?" አለችኝ። ልክ ናት።

መነጽሬ ተሰብሯል። አሮጌም ቢሆን ካገኘሽ ላኪልኝ።

አጎትሽ

ጥቅምት 17

ለጋሼ፤ ሰላምታዬ ከመነጽሩ ጋር ተጠቅልሎ ይድረስዎ።

ጨለማውን ጥግ ለክፍል ጓደኞቼ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ አጨበጨቡልዎ። መምህራችን፣ "ይህ ሰው የት ነው የሠለጠነው?" አሉኝ። "ኮትና ሱሪ ላይ" አልኳቸው። ማስታወሻ ያዙ።

አሁን ፎቶ የሚበሉ ነፍሳት ላይ ነን። ቀጥሎ መለያ ቁጥር፣ ከዚያ ቅጽ አሞላል ይመጣል። እሳትና ውሃ ለስምንተኛው ሳምንት ስለተመደቡ እስከዚያ እንዲታገሡን እንለምናቸዋለን።

የሐሙሷን እናት ሰላም በሉልኝ። ቅጂ ማንሣቱን ከወዲሁ እየተለማመድኩ ነው።

ልጅዎ

ኅዳር 2

ለልጄ፤ ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ከተረፈም ለእኔ።

መነጽሩ ደርሶኛል። ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ አንዳንዱን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

አንድ ጎረቤት አለኝ፤ አዲስ ስለሆነ አታውቂውም። ትናንት ሰኞ ጠዋት መጥቶ፣ "ልጅህ የፎቶ ነገር ትማር የለም ወይ? አንድ ነገር ጠይቅልኝ" አለኝ። ሰውየው ፎቶ ረጥቦበታል። ቅዳሜና እሑድ መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶ ሳለ፣ ማለቴ እሱ ከቤቱ ወጥቶ ሳለ፣ ግድግዳው ውስጥ ያለ ቧንቧ ፈንድቶ ከሥር አጥለቀለቀው። ላይኞቹ ደህና ናቸው፤ ከታች ያለው ነው የራሰው።

ስንት ፎቶ ነው ብዬ ጠየቅኩት፤ አራት መቶ ያህል ነው አለኝ። ለአንድ ሰው አልበዛም ወይ ብለው፣ ዘመዴ ብዙ ነው አለኝ። እርስ በርሳቸው መጣበቅ ጀምረዋል። ምን ቢያደርግ ይሻላል ትያለሽ? ቶሎ ጻፊልኝ። ችኮላው የእሱ ነው።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

አጎትሽ

ኅዳር 13

ለተከበሩት አጎቴ፤ ለእርስዎና ለጎረቤትዎ ጤና ይስጥልኝ፤ ለእርሳቸው ትንሽ ጨመር አድርጎ።

ደብዳቤዎ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። የረጠበ ፎቶ የሚታገሠው ሁለት ቀን ነው። ይህን የተማርኩት ትናንት ነው፤ ስምንተኛው ሳምንት ገባ።

ጎረቤትዎን እንዲህ ይበሉልኝ። የተጣበቀውን አይጎትቱ። ገና እርጥብ ከሆነ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይተዉት፤ በራሱ ጊዜ ይላቀቃል። የተላቀቀውን ጥጉን ይዘው ይስቀሉት፣ ወይም ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ጨርቅ ላይ ያስተኙት። በሁለት ቀን የማይደረስበትን በላስቲክ ጠቅልለው የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሥጋ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። ተጣብቆ የደረቀውን ግን በምንም መንገድ አይንኩት።

ጎረቤት የለዎትም ለማለት አፌ አይደፍርም። ከቤትዎ ግራ ወፍጮ ቤቱ፣ ቀኝ ትምህርት ቤቱ እንደነበሩ ግን አስታውሳለሁ።

ዛሬ ስልክ ደውዬ ነበር። ኃላፊው አነሡት። "ክፍሉ እንዴት ነው?" ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ "አየሩ እንዴት ነው?" ብዬ ወጣሁበት። "ደረቅ ነው" አሉኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያስደሰተኝ ቃል የለም፤ ስለ አየሩ መሆኑ ነው እንጂ።

በደብዳቤዎ ስለ ሐሙሷ እናት አንድም ቃል የለም። ይመጣሉ?

ልጅዎ

ኅዳር 15

ጋሼ፤ ሰላምታዬ በትናንት ወዲያው ደብዳቤ ውስጥ አለ፤ ከዚያ ይውሰዱ።

ምሳ እየበላሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ማንኪያዬን ጥዬ ተነሣሁ። ጎረቤትዎ ካውያ አላቸው? ልብስ የሚተኩሱበት ማለቴ ነው። የረጠበ ነገር ያየ ልብስ ሰፊ፣ ማለቴ ያየ ሰው፣ እጁ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። የፎቶ ፊት በሙቀት ይቀልጣል። ካውያውን ወፍጮ ቤት አደራ ይስጡልኝ።

ልጅዎ

ኅዳር 28

ለልጄ፤ ሰላምታ ለመስጠት እንኳ አፍሬያለሁ፤ ቢሆንም ሰላም ላንቺ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ትናንት አንድ ላይ ደረሱ። የካውያው ሃያ ስድስት ቀን ዘገየ።

ጎረቤት የለኝም። እኔ ነኝ። የሦስተኛው ሣጥን ክዳን ላይ አሥር ሣጥን ተጭኖ፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃ ገብቶ ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

አዎ፣ ካውያ አምጥቻለሁ። ልብስ ሰፊ ካውያውን ጨርቅ ላይ ከማሳረፉ በፊት በቁራጭ ይሞክራል። ፎቶ ግን ቁራጭ የለውም፤ ሁሉም የሰው ፊት ነው። እዚያው ሣጥን ውስጥ እኔና ሟች ባለቤቴ በተጋባን ዓመት የተነሣነው ነበረ። ከሰው ፊት የራሴ ይሻላል ብዬ በሱ ሞከርኩ። ሁለታችንም ካውያው ላይ ቀረን። ካውያውን እስካሁን አልፈገፈግኩትም።

ከዚያ በኋላ ሙቀት የሚባል አላስነካኋቸውም። ከግድግዳ ግድግዳ ክር ወጥሬ፣ በልብስ መቆንጠጫ ጥግ ጥጋቸውን ይዤ ሰቀልኳቸው። ሦስት መቶ ሰባ አራት ዳኑ። ኃላፊው አላየም፤ ሦስቱም አዳራሾች ስብሰባ ላይ ናቸው።

ሠላሳ ሰባቱ ግን አንድ ላይ ደርቀው ጡብ ሆኑ። የሴትየዋ ልጅ እዚያ ውስጥ ነው። በመዝገቡ ተራ ከሄድሽ ከላይ ዘጠነኛው ነው።

በመጀመሪያው ሐሙስ ቁልፉ ጠፋ አልኳት። በሁለተኛው ሣጥኑ ለመድኃኒት ሄዷል አልኳት። በሦስተኛው መጥታ፣ "አሁንስ ተሻለው?" አለችኝ። በአራተኛው መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ እኔ ያንን ቧንቧ እያየሁ ተቀመጥኩ። ተሠርቷል፤ አሁን ጠብታ አይወጣውም።

ምን ልበላት? መጣጭ ወረቀት ልላክልዎ እንዳትይኝ፤ ቃል ላኪልኝ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 11

ጋሼ፤ አምላክ ያጽናዎ፤ እኔንም።

ጥግ ያልኩዎት እኔ ነኝ። የአንድ ሳምንት ትምህርት ይዤ እንደ ሊቅ ጻፍኩልዎ፤ ውሃ የሚባል ነገር ከመስኮት እንደማይገባ፣ ግድግዳ ውስጥ እንደሚያድር ያኔ አላውቅም ነበር። ለጥጉ ያስጨበጨብኩትም እኔው ነኝ። ስለ ባለቤትዎ ፎቶ ምን እንደምል አላውቅም፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የጉዳት ቅጹ ከሥልጠናው ተቋም በቀጥታ ለእርስዎ ይላካል፤ ተጠባባቂው ነው የሚፈርመው። አራተኛው ረድፍ "የደረሰ ጉዳት"፣ አምስተኛው "ጉዳቱን ያደረሰው" ይላል። ሁለቱንም ባዶ ይተዉልኝ። በቅጽ አሞላል ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ ይህን የምልዎ። ከተሞላ ክፍሉ ይወሰዳል፣ ሥራዬም ይሄዳል፣ የተረፉት ሦስት መቶ ሰባ አራትም ለአይጥ ይሰጣሉ። ባዶ ከሆነ ማንም አይጠይቅም፤ ባዶ ረድፍ የሚጠይቅ ኃላፊ አይተው ያውቃሉ?

ለእናትየው እስክመለስ ድረስ ሣጥኑ ሥልጠና ላይ ነው ይበሏቸው። ግማሽ እውነት ነው።

ይህን ደብዳቤ ያቃጥሉት። አይ፣ አያቃጥሉት፤ እዚያ ክፍል ውስጥ እሳት እንዳያነሡ። ይቅደዱት።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 24

ለልጄ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከሰነበትኩት ሁሉ ዛሬ ይሻለኛል።

ቅጹና ደብዳቤሽ በአንድ ቀን ደረሱ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አንቺ እንዳልሽው ሦስተኛውን ረድፍ ሞልቼ፣ አራተኛውን ዘልዬ፣ ብዕሬን ፊርማው ላይ ላሳርፍ ስል በሩ ተከፈተ። ሐሙስ መሆኑን ረስቼው ነበር።

"ቁልፉስ?" አለችኝ።

"ተገኝቷል።"

"ልጄስ?"

"ተቀመጪ" አልኳት።

"ሞቱንም ቆሜ ነው የሰማሁት። ተናገር።"

ነገርኳት። ጥጉን፣ ቧንቧውን፣ ካውያውን፣ መታጠቢያ ቤት መደበቄን ሳይቀር ነገርኳት። መደበቄን ታውቅ ኖሯል፤ ጫማህ ከበሩ ሥር ይታይ ነበር አለችኝ። ከዚያ ጡቡን አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩላት። ከላይ ዘጠነኛው ነው አልኳት። ጎንበስ ብላ ጠርዙን በጥፍሯ ጫፍ እየቆጠረች ወረደች።

"ይሄ?"

"ይሄ።"

ፊቱን አትንኪ እንዳልላት ፊት የለም። የሚታየው ከፀጉር የማይወፍር ነጭ መስመር ነው።

"ስንት ሰው ነው የተጫነበት?" አለችኝ።

"ስምንት።"

"ድሮም ትርፍ ሰው መጫን አመሉ ነበር" አለች። "በዚህ ስንቴ ተቀጣ።"

ሳቅ ታገለኝ፤ ፈርቼ ዋጥኩት። እሷ ቀድማኝ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ። እኔም የዋጥኩት እንደዚያው ሆኖ ወጣ። ሁለት ሽማግሌዎች ጡብ ከበን ስናለቅስ ኃላፊው በሩን ከፍቶ አየንና ስብሰባ ላይ የሆንን መስሎት ነው መሰለኝ ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው።

ስትሄድ ቅጹን ጨረስኩ። አራተኛው ረድፍ ላይ "ሠላሳ ሰባት ተጣበቁ፣ አንድ በካውያ ተቃጠለ" ብዬ ጻፍኩ። አምስተኛው ላይ "ተጠባባቂው ልብስ ሰፊ" ብዬ ፈረምኩ። ያንቺን ደብዳቤ አላነሣሁትም። ልጄ፣ ኮት ሳበላሽ ለባለቤቱ እየነገርኩ ነው አርባ ዓመት ደንበኛ ያላጣሁት። ብትቆጪኝም አንዴ ፖስታ ቤት ገብቷል።

ኃላፊውም ቅጂው ደርሶታል። ትናንት መጥቶ ክፍሉን ለካ። ሜትር ስላልነበረው የኔን አበደርኩት።

አጎትሽ

ጥር 8

ጋሼ፤ እጅዎን እስማለሁ፤ ቅጹን የፈረመውን።

ተቆጥቼ ነበር፤ ሁለት ቀን። በሦስተኛው መምህራችን አስጠርተውኝ ቅጹን አሳዩኝ። "ሃያ ዓመት ይህን ቅጽ ሳነብ አምስተኛው ረድፍ ላይ ዝናብ፣ እርጅና፣ ምስጥ ነው የማገኘው፤ ሰው አግኝቼ አላውቅም" አሉኝ። ከሰውየው ሥር ትንሽ ቦታ ነበር። ብዕር ተቀብዬ "ጥጉን ያሳየችው ሠልጣኝ" ብዬ ጨመርኩበት።

ኃላፊው በዚህ ወር መጀመሪያ ካልተመለስሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል ብለው ጽፈውልኝ ነበር። አልተመለስኩም። ተጣብቆ የደረቀ ፎቶ የሚላቀቅበት ትምህርት ለብቻው አንድ ወር አለ፤ እዚያ ገባሁ። መቀበያ መስኮቷም አመለጠችኝ ማለት ነው።

እስካሁን የሞከርነው የልምምድ ፎቶ ነው። ከአሥሩ ሦስቱ ፊታቸውን ይዘው ይወጣሉ። ዘጠነኛው ከሦስቱ ይሁን ከሰባቱ ማንም አያውቅም። እባክዎን ቁጥሩን ለእናትየው አይንገሩ። ጡቡንም ከግድግዳ ያርቁልኝ፤ ከየትኛውም ግድግዳ።

ልጅዎ

ጥር 21

ለልጄ፤ በጤና ያገናኘን፤ ሌላውን ራሳችን እንጨርሰዋለን።

ክፍሉ አዳራሽ ሆነ። ሣጥኖቹ መጋዘን ገቡ፤ እኔም ማንም ሳይሾመኝ አብሬያቸው ገባሁ። ከአይጦቹ ጋር እየተላመድን ነው፤ አንድ ድመት ቀጥሬባቸዋለሁ።

ጡቡን ኃላፊው አገላብጦ አየና፣ "ይሄ የተበላሸ ንብረት ነው፤ ከመዝገብ ይሰረዝና ይወገድ" ብሎ በዚያው ቀን ፈረመ። ለሁለት ዓመት ቅጂ ለመፈረም ኮሚቴ ያስፈለገው ሰው፣ ዋናውን ለመጣል እስክሪብቶ ብቻ በቃው። አስወጋጁ እኔ ነኝ። በሕጋዊ ደረሰኝ ተረከብኩና በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሴትየዋ ቤት ይዤው ሄድኩ።

አትንገር ያልሽኝን ቁጥር ጠየቀችኝ። ከአሥር ሦስት አልኳት። "አብረውት ያሉትስ የማን ልጆች ናቸው?" አለችኝ። መዝገቡን አነበብኩላት፤ አሥራ አንዱን ታውቃቸዋለች። ለእናቶቻቸው ራሴ እነግራለሁ ብላ ከቁም ሣጥኗ መካከለኛውን መደርደሪያ አስለቀቀች፤ ግድግዳ አይነካም፣ አይቼዋለሁ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ የምሄደው እኔ ነኝ። ባለፈው ሦስት ሴቶች ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘሁ። መቼ ትመጣለች ይሉኛል፤ በዚህ ወር ማብቂያ እላለሁ። እጇ ጥሩ ነው ወይ ይሉኛል፤ እንጃ፣ እየተማረች ነው እላለሁ።

ስትመጪ መሥሪያ ቤት አትሂጂ። ቀጥታ ወደዚያ ቤት ነይ።

አጎትሽ